ከሁለተኛው አንጓ ወዲያ

ባሕሩ ዛሬ ካለበት ገፋ ብሎ ከዋርካው ሥር ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ ሰውና ጉማሬ በአንድ ወደብ ተሰዳድበው በሚያድሩበት ዘመን፣ ደንገል ዳር በምትባል መንደር ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ቀረብ በሉ እንጂ! አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለሌላውም ቦታ ልቀቅ። እኔ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አልናገርም። ጉልበቱም የለኝ፣ ትዕግሥቱም የለኝ።

ይታይሽ የባላባት ልጅ አልነበረችም። መልከ መልካም ናት ብሎ የዘፈነላትም የለም። ባል አግብታ ነበር፤ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ፣ አልተስማሙም፣ ጓዟን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ቁመቷ አጭር ነው። ድምፅዋ ግን ከዳር ሆና ስትጣራ ባሕሩ መኻል ያለ ታንኳ ቀዛፊ ዞር ይል ነበር ይባላል። ይኸው ነው። ንግሥት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቤት ሂዱ።

አባቷ ጫኔ ዓሣ አጥማጅ ነበር። መረብ ነበረው፣ ግን መረብ አይወድም። የሚወደው ከአያት ከቅድመ አያቱ የመጣውን ዘንጉን ነው። ዘንጉ ቀርከሃ ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ክንድ። ከእጅ ብዛት የተነሣ ለስልሶ፣ ቀልቶ፣ የቆየ ማር መስሏል። ከጫፉ ላይ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ክር፣ ከክሩ ጫፍ ደግሞ ቀጥቃጭ የሠራው መንጠቆ አለ። ይኼ ሁሉ ሌላም ሰው ዘንድ ይገኛል። የጫኔ ዘንግ የተለየው በአንጓዎቹ ነው። ከእጀታው ጀምሮ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ክር ተጠምጥሞበታል። ከዚያ ቤት ሰው ሲሞት፣ ከሟቹ ልብስ አንድ ክር ይመዘዝና ከሚቀጥለው አንጓ ላይ ይጠመጠማል። የቤቱ ወግ ነበር።

የመጀመሪያው አንጓ የድረስ ነው። ድረስ ቀርከሃውን ከደጋ ቆርጦ፣ ሁለት ቀን በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ሰው ነው። ክሩ ወገቡን ከሚታጠቅበት ከድጉ ጫፍ የተመዘዘ ነው።

ሁለተኛው አንጓ የሚስቱ የብርነሽ ነው። ብርነሽ ጉማሬ ከሽምብራዋ ውስጥ ብታገኘው፣ አልሮጠችም። ድስት እየደበደበች በአማቷ ስም እየጠራች ሰደበችው። ጉማሬው አፍሮ ሄደ ይላሉ። አማቷም ሰምታ አንድ ዓመት አኮረፈች።

ሦስተኛው የልጃቸው የወሌ ነው። ወሌ አምባዛ ይዞ፣ አምባዛው እሱን ይዞት፣ ውኃ ውስጥ ገብተው ሲታገሉ ቆይተው፣ ወሌ ሱሪውን አጥቶ ዓሣውን ታቅፎ ወጣ። ሱሪው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አራተኛው የተሰማ ነው። የወሌ ታናሽ ነው። በታንኳ ወጣ፣ አልተመለሰም። ልብስ ስላልተገኘለት ከአንጓው ላይ የተጠመጠመው ክር አይደለም፤ ማዕበሉ ካወጣው ታንኳው የተፈታ የማሰሪያ ልጥ ነው። የቤቱ ሰዎች ታሪካቸውን ሲናገሩ እሱ ጋ ከደረሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

አምስተኛው የጫኔ ሚስት፣ የይታይሽ እናት የየዝባለም ነው። ቀይ ክር ነው፤ ከነጠላዋ ጥለት የተመዘዘ። የእሷን ታሪክ ቆይቼ ነው የምነግራችሁ። አሁን ብትለምኑኝም አልነግራችሁም።

ጫኔ ዓሣ ሲያጠምድ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መንጠቆውን ይጥላል። አውራ ጣቱን ከመጀመሪያው አንጓ ላይ ያሳርፋል። «ይኼ የድረስ ነው» ይልና በሹክሹክታ ታሪኩን ይናገራል። ሲጨርስ እጁን ወደ ሁለተኛው ያሳልፋል። «ይኼ የብርነሽ ነው» ይላል። ዓሣው ቶሎ ቢነካካም አይስብም። ዓሣ መጀመሪያ ይቀምሳል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ንክኪ የሳበ ሰው ባዶ መንጠቆ ነው የሚያወጣው። ጫኔ ከሦስተኛው አንጓ በፊት ስቦ አያውቅም። አራተኛው ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ይጎብጣል። ይታይሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጎኑ እየተቀመጠች ሁሉንም በቃሏ ያዘች።

ወንድ ልጅም ነበረው፤ ስንሻው። የይታይሽ ታላቅ ነው። ስንሻው ጠንካራ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ አይዋሽም፣ አይሰርቅም። ቆይ፣ ሰረቀ፤ እደርስበታለሁ። ክፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ መቀመጥ አይችልም። እግሩ ውስጥ ጉንዳን ያለ ይመስላል። አባቱ ከጎኑ ሲያስቀምጠው የድረስን ይሰማል፣ የብርነሽን ይሰማል፣ በጉማሬው ይስቃል፣ ከዚያ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ከሁለተኛው አንጓ አልፎ አያውቅም።

አንድ ዓመት በጥር ወር ጫኔ ታመመ። የማይነሣ መሆኑን ሲያውቅ ልጆቹን ጠራ። «መሬቱና ላሞቹ ለስንሻው» አለ። «መረቡና ታንኳውም ለስንሻው። ዘንጉ ለይታይሽ።» ከዚያ ስንሻው ውኃ ሊያመጣለት ሲወጣ፣ ሽማግሌው የሴት ልጁን እጅ ያዘ።

«ይታይሽ» አላት።

«አቤት አባዬ።»

«ዘንጉን የሰጠሁሽ ለዓሣው ብቻ አይደለም። እኔ ያቃተኝን ላንቺ መተዌ ነው። ያንን ልጅ አንድ ቀን ከሁለተኛው አንጓ አሳልፊው። አደራ። ካላለፈ፣ እኔ ስሞት እናትሽም አብራ ትሞትበታለች።»

«እሺ አባዬ። አደራህን በልቼ አልቀርም» አለችው።

እናላችሁ ጫኔ ሞተ፣ ተቀበረ። ይታይሽ ከጋቢው ጠርዝ ነጭ ክር መዘዘች፤ ከስድስተኛው አንጓ ላይ ጠመጠመችው።

የመንደሩ ሰው ሳቀ። ለምን አይስቅ! ለአንዱ መሬትና ከብት፣ ለአንዷ እንጨት። «አባቷ የውሻ መምቻ አወረሳት» አሉ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው አስካለ የምትባል ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላዋን ከዳር ሆና ስለምታጥብ የማታየው ነገር የለም። ያየችውን ደግሞ ይዛ አታድርም።

ይታይሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ዘንጉን ይዛ ወደ ባሕሩ ወረደች። ወንዙ ከባሕሩ ከሚገባበት አጠገብ ውኃው ውስጥ ገባ ያለ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስቆመው። አባቷ እዚያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እሷም ተቀመጠች። በዚያ ዘመን ሴት ዓሣ ትቀርፋለች፣ ዓሣ ትቀቅላለች እንጂ ዓሣ አታጠምድም። ውኃ ቀጂዎቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው አለፉ። አስካለ አፏን አልያዘችም።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልያዘችም። ሁለተኛው ቀን ምንም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ቀን ምንም። ዓሣው ይነካካል፣ ትስባለች፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። ትሉን እየበሉ ወፈሩባት። እንደ አባቷ አፏን ከፍታ ለመናገር አፍራ ነበር። ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ሰው ሳያያት ይዛ ለመሄድ ትቸኩላለች፤ ገና በንክኪው ትስባለች። አይ እፍረት! ስንቱን ባዶ እጁን ሰዶታል።

በስድስተኛው ቀን እንባዋ መጣ። አባቷ ናፈቃት። እጇን ከነጩ ክር ላይ አድርጋ፣ «ይኼ የአባቴ የጫኔ ነው» አለች። ድምፅዋ አልታዘዛትም፤ ሹክሹክታ መሆን ሲገባው ወንዙ ማዶ ተሰማ። ተሰምቷል እንግዲህ፣ ምን ቀረኝ ብላ፣ እጇን ወደ እጀታው መልሳ ከድረስ ጀመረች። ድረስን ተናገረች። ብርነሽን ተናገረች፤ ብቻዋን ሳቀች። የወሌን ሱሪ ተናገረች። ዓሣው ሲነካካ አልሳበችም። ተሰማ ላይ ስትደርስ ዘንጉ ጎበጠ። ሳበች። እንደ ሁለት መዳፍ የሰፋ ቆሮሶ እየተንፈራገጠ ወጣ!

ያን ዓሣ ምን አደረገችው መሰላችሁ? ወስዳ ለአስካለ ሰጠቻት። «ስትስቂ ጉሮሮሽ ደርቋል፤ መረቁን ጠጪበት» አለቻት። አስካለ አፈረች። አፍራ ግን ዓሣውን በላችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የይታይሽ ወዳጅ ሆነች።

ሁዳዴ ገባ። ጾም ነው፤ ሰው ዓሣ ይፈልጋል። ይታይሽ በየቀኑ ትይዛለች። ለእህል ትለውጣለች፣ ለአልጋ ቁራኛ በነጻ ትሰጣለች። የውሻ መምቻ ያለው አፍ ሁሉ «እሜትዬ» ማለት ጀመረ። እሷ ግን አደራዋን አልረሳችም። ስንሻው መረቡን ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር ትጠራዋለች።

«አያ ስንሻው፣ ና እስቲ ቁጭ በል። ሦስተኛውን ልንገርህ።»

«ሥራ አለብኝ» ይላል።

«የወሌ ሱሪ የት እንደጠፋ አትሰማም?»

«ሲገኝ ንገሪኝ» ይልና ያልፋል።

ዓመቱ ዞረ። ስንሻው ከባሕሩ ጋር መግባባት አቃተው። መረቡን ይጥላል፣ ሳይጠብቅ ያወጣል፣ ቦታ ይለውጣል፣ ይጥላል፣ ያወጣል። መረቡ ተቀደደ፣ እሱም ከሳ። እህቱ ግን ከድንጋዩ ሳትነሣ ታመጣለች። መቼም ሰው ነውና ዓይኑ ቀላ። አንድ ጠዋት የምታምር ጊደር እየነዳ ከደጇ መጣ።

«ጊደሯን ውሰጂ፣ ዘንጉን ስጪኝ» አላት።

ይታይሽ ጊደሯን አየቻት። የእውነት የምታምር ጊደር ናት፤ እኔ ብሆን፣ ብቻ ተዉት። «ጊደርህን መልሳት» አለችው። «ግማሽ ቀን ስጠኝ። ከጎኔ ተቀመጥ። ስድስቱንም አንጓ ሰምተህ ስትጨርስ ዘንጉን በነጻ እሰጥሃለሁ።»

ለእሱ ከዚህ የከበደ ዋጋ አልነበረም። «ሥራ ፈት አደረግሽኝ እንዴ?» ብሎ ጊደሯን እየነዳ ተመለሰ።

በሳምንቱ ይታይሽ ገበያ ሄደች። ስንሻው ከቤቷ ገባ፣ ዘንጉን ወሰደ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወጣ። መንጠቆውን ጣለ። ዓሣው ነካ፤ ሳበ፤ ባዶ። ጣለ፤ ነካ፤ ሳበ፤ ባዶ። ግማሽ ቀን እንዲህ ሆነ። ያንኑ እምቢ ያለውን ግማሽ ቀን! ከዚያ ተናደደ። ዘንጉን አገላብጦ አየው። ክሮቹን አያቸው። አንዱ ቀይ ነው። «አሃ!» አለ። «ገባኝ። ይኼ ክታብ ነው። ዓሣውን የሚጠራው ቀዩ ክር ነው።» ቀዩን ክር ከአምስተኛው አንጓ ላይ ፈታው። ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው፣ በሸሚዙ ሸፈነው። ዘንጉን ከቦታው መልሶ አቆመ።

የማን ክር እንደሆነ አላወቀም። እንዴት ያውቃል? ከሁለተኛው አንጓ አልፎ አያውቅም።

ይታይሽ ከገበያ ተመልሳ ዘንጉን አነሣች። እጇ አምስተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ ልሙጥ ቀርከሃ ነካች። ሻማዋን፣ ጨውዋን፣ ያመጣችውን ሁሉ ሜዳ ላይ ጥላ ወደ ወንድሟ ቤት ሮጠች።

«ክሩን መልስ!»

«የምን ክር?»

«ቀዩን ክር መልስ ስንሻው!» አለችው። «አያ» አላለችውም።

«ለአንድ ክር እንዲህ ትሆኛለሽ? ከነጠላሽ ሌላ ምዘዢ» አላት።

ይኼን ሲላት ቆመች። ብትነግረው በሰማ ነበር፤ የእናታችን ነው ብትለው እዚያው ፈትቶ በሰጣት ነበር። ግን ተናዳለች። ደግሞም እያወቀ የፈታው መሰላት። የእናቱን ክር ፈትቶ ሌላ ምዘዢ የሚል ሰው! ጎረቤት እየሰማ፣ በዚያ ረጅም ድምፅዋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለች። ሄደች።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩም። በበዓል ቀን አንዱ በበላበት ሌላው አይበላም። ሽማግሌ ተላከ፣ እምቢ አለች። ቄስ ተላከ፣ እምቢ አለች። ዓሣ ስታጠምድ ግን አምስተኛውን አንጓ አትዘለውም። እጇን ከልሙጡ ላይ አድርጋ፣ «ይኼ የእናቴ የየዝባለም ነው» ብላ ታሪኳን ትናገራለች። ስድስተኛው ጋ ስትደርስ፣ ከአባቷ ጋ፣ አደራው ትዝ ይላታል። ያን ጊዜ ፊቷን ታዞራለች። «አባዬ፣ ይኼን አትጠይቀኝ» ትላለች።

ደግሞ አስካለ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ፣ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ አደራ የሚሰጠው ለቀላል ነገር አይደለም» አለቻት። ይታይሽ መንጠቆዋ ላይ ትል ሰክታ ወደ ውኃው ጣለችው።

ሐምሌ መጣ። ሰው ሁሉ አረም ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ባሕር ዳር ያልተወለዳችሁ አንድ ነገር ስሙ። ታንኳ ከደንገል፣ ከውኃ ዳር ቄጠማ ነው የሚሠራው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። አንድ ቀን የዋለበት ታንኳ ከዛፍ ላይ ተደግፎ ቆሞ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ደርቆ ነው ተመልሶ ውኃ የሚገባው። ይኼን የማያውቅ የደንገል ዳር ሰው የለም። ስንሻውም ያውቃል። ግን ጠዋት ወጥቶ ምንም አላገኘም፣ ተመለሰ፤ ታንኳውን አቆመ፤ መጠበቅ አቃተው። ሳይደርቅ አንሥቶ ተመልሶ ገባ።

ወንዙ ከባሕሩ ከሚገባበት ላይ ሲደርስ ነፋስ ተነሣ። ከባሕሩ ማዕበል፣ ከወንዙ ጎርፍ። ውኃ የጠጣው ታንኳ ከበደ፣ ዘቀጠ፣ ማሰሪያው ተበጠሰ፣ ደንገሉ ተበታተነ። ስንሻው አንዷን የደንገል እስር አቅፎ ቀረ። መዋኘት ይችላል፤ ጎርፉ ግን አላስዋኝ አለው። ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል፣ መልሶ ይወስደዋል። ይታይሽ ድንጋዩ ላይ ነበረች።

አየችው። ዳር ላይ ሸክላዋን የምታጥበው አስካለ ብቻ ናት። አስካለ፣ «ሰው ድረሱ!» እያለች ወደ ማሳው ሮጠች፣ ማሳው ሩቅ ነው፣ ተመለሰች። ይኼን ሁሉ ያየችው እሷ ናት። ለልጅ ልጆቿ የነገረችውም እሷ ናት። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትጨምርበት እንደነበር አውቃለሁ፤ የጨመረችውን አውጥቼ ነው የምነግራችሁ።

ይታይሽ በእጇ ያለው ዘንጉ ብቻ ነው። ያረጀ ቀርከሃ ነው፤ ሰው ከያዘው ይሰበራል። ስድስት ሰው ያለበት ዘንግ ነው። የዚያች ሴት ልብ በዚያች ሰዓት ምን እንዳለ እኔ አላውቅም። አስካለ ያየችው ግን ይታይሽ ቆማ እንዳላሰበች ነው። በሆዷ ተኛች፤ ዘንጉን በሁለት እጇ ዘረጋች፤ «አያ!» ብላ ጮኸች። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ።

ስንሻው ጫፉን ያዘ። ወዲያው ወደ ራሱ ሳበው። አምስተኛው አንጓ ላይ፣ ክሩ ከተፈታበት ከልሙጡ ላይ፣ ቀርከሃው ቀጭ አለ። ተሰነጠቀ።

«አትሳብ!» አለችው። «ከሳብከው ያልቃል! ያዝና ቆይ። ማዕበሉ ራሱ ያመጣሃል።»

«አልችልም፣ ልሞት ነው!»

«ትችላለህ። ቁጠር። የመጀመሪያው አንጓ የማን ነው?»

«ምን?»

«የማን ነው አልሁህ!»

«የድረስ!» አለ። ውኃ አፉ ውስጥ ገባ፣ ተፋው። «ከደጋ ተሸክሞ ያመጣው!» ማዕበል መጣ፣ አንድ ክንድ አቀረበው። ይታይሽ ዘንጉን በእጇ ሰበሰበች እንጂ አልሳበችም።

«ሁለተኛውስ?»

«የብርነሽ! ጉማሬውን የሰደበችው!» ማዕበል መጣ። ግማሽ ክንድ ቀረበ። ጎርፉ መለሰው። ሌላ ማዕበል መጣ፣ አቀረበው።

«ሦስተኛውስ?»

ስንሻው መቼ ሰምቶ! አያውቅማ! «ንገሪኝ!» አላት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የወሌን ነገረችው። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ፣ ስለ ሱሪው ሲሰማ ሳቀ ትላለች አስካለ። እኔም አምናታለሁ። የተሰማን ነገረችው፤ ያልተመለሰውን። ያን ጊዜ አልሳቀም። እጁን አጥብቆ፣ ሳይስብ፣ ያዘ። ማዕበሉ ሲመጣ ይቀርባል፤ ሲሄድ ይቆያል። ሁለት ክንድ ቀረው።

«አምስተኛው የእናታችን ነው» አለችው።

ስንሻው ቀና ብሎ አያት።

«ቀዩ ክር የእሷ ነበር። ስማ አያ። አንተ ገና ሕፃን ሆነህ፣ ድክድክ ሳትል ትኩሳት ያዘህ። መድኃኒት ተሞከረ፣ ጸበል ተሞከረ፣ አልበርድ አለህ። ይዛህ እዚህ ውኃ ውስጥ ገባች። እዚህ፣ አሁን ያለህበት። እስከ ወገቧ ገብታ፣ አንተን እስከ አንገትህ ነክራ፣ ከጠዋት እስከ ተሲያት ቆመች። አባዬ ውጪ ቢላት እምቢ አለች። ትኩሳትህ ሲበርድ ነው የወጣችው። እግሯን ከዚያ ወዲህ በብርድ ጊዜ ያነክሳት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረችም።»

ማዕበል መጣ። ስንሻውን ከድንጋዩ ላይ አላጋው። ይታይሽ በሸሚዙ ኮሌታ ያዘችው፤ አስካለ ከኋላ መቀነቷን ይዛ ጎተተች፤ ሁሉም ተያይዘው ዳር ላይ ወደቁ።

ስንሻው ውኃውን ተፋ። ተነሥቶ ግን አልሄደም። ዘንጉ አምስተኛው አንጓ ላይ ተሰንጥቆ በስንጣሪ ተንጠልጥሏል። እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ከማተቡ አጠገብ ያለውን ቀይ ክር ፈታ። «አላወቅሁም» አላት። «በማርያም፣ አላወቅሁም ነበር።» አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። «እኔም አልነገርሁህም» አለችው። «ብናገር ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።» እሷ ስንጥቁን ገጥማ ያዘች፣ እሱ ቀዩን ክር ከቦታው ጠመጠመው። ዝናብ መጣ። አስካለ፣ «ተነሡ፣ ትታመማላችሁ» አለች። ይታይሽም ልትነሣ ስትል ስንሻው እጇን ያዘ።

«ቆይ እንጂ» አላት። «ስድስተኛውስ?»

ዝናቡ እየወረደባቸው ቁጭ ብላ ነገረችው። የአባቱን ታሪክ እሱም ያውቃል፤ ግን ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። አደራውን ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ስንሻው ሽማግሌዎቹን ራሱ ጠራ። «ያኔ የተካፈልነው እኔ አንጓዎቹን ሳልሰማ ነውና እንደገና እንካፈል» አለ። የዘንጉን አንድ ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን ጫፍ እህቱ ያዘች። ስድስቱን አንጓ በየተራ ተናገሩ። ከዚያ መሬቱንም ከብቱንም እኩል ለሁለት ከፈለላት። በዚያ አገር ሴት ልጅ መሬት ስትካፈል የመጀመሪያዋ ናት ይላሉ። ዘንጉ ከዚያ በኋላ ዓሣ አልያዘም፤ ከይታይሽ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ጊዜው ሲደርስ ስንሻው ከይታይሽ ነጠላ ክር መዝዞ ሰባተኛው አንጓ ላይ ጠመጠመ። እሷ ቀድማው ሞተች፤ እሱ ደግሞ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ የሚናገር ሽማግሌ ሆነ። ከእሱ ጋር የተቀመጠን ሰው ቶሎ አይለቅም ነበር አሉ።

በደንገል ዳር ከዚያ ወዲህ እናት ወይም አባት ሲሞት፣ ልጆቹ ርስት ከመካፈላቸው በፊት ቀርከሃ ይመጣል። ወንዱም ሴቷም ይይዙታል። የሞቱባቸውን ሰዎች ከነታሪካቸው በየተራ ይናገራሉ። ያላወቀ ይነገረዋል፤ ሰምቶ መልሶ እስኪናገር ድረስ ማንም ዘንጉን አይለቅም፣ ማንም መሬት አይለካም። ችኩል ሰው ሲያዩም ሽማግሌዎቹ፣ «ሁለተኛውን አንጓ አልፈሃል?» ይሉታል። ያ ሰው ይቀመጣል።

እኔና እህቴም ይዘነዋል። አባታችን በሞተ ጊዜ ነው። መቼም ታውቁኛላችሁ፣ እኔ መቀመጥ አልወድም ነበር፤ ከጠዋት ጀምረን ጥላ እስኪዞር ያዝን። የሴት አያቴን ስም አላወቅሁም። እህቴ ነገረችኝ፤ መልሼ እስክናገር አልለቀቀችኝም። እጄ ዝሎ ነበር። እሷ ዛሬ የለችም፤ እኔ ግን የሴት አያቴ ስም ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ የያዝሁት ይኼን ያህል ነው። የጎደለውን የሚያውቅ ካለ፣ ይምጣና በዚያኛው ጫፍ ይያዝ።